ባቡሩ ፉሪ፣ እኛ ኮተቤ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ የትራንስፖርት ባለሙያ የድሬዳዋን ባቡር መንገደኛ ሲወቅሱ ሰማሁ። ሕዝባችን ጉዞ የማቀድ ባህል የለውም አሉ። በመጨረሻዋ ሰዓት ይነሳና ትኬት አጣሁ፣ ጣቢያው ራቀኝ ይላል አሉ። ሻይዬን አስቀምጬ ሬዲዮውን ዘጋሁት።

ማቀድ አያውቅም? ሰውዬው የቁልቢን መንገደኛ አይተው አያውቁም ማለት ነው። አክስቴ የምትኖረው ኮተቤ ነው። ለታህሳስ 19 መዘጋጀት የምትጀምረው ከመስከረም ነው። እቁቧ ኅዳር ላይ እንዲደርሳት ሰብሳቢውን ትለማመጣለች። የስለቷ ጃንጥላ ተገዝቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ቆሟል። ድሬዳዋ ማን ቤት እንደምታድር፣ ለማን ምን ይዛ እንደምትሄድ፣ እስክትመለስ ቤቷን ማን እንደሚጠብቅ ጥቅምት ሳይገባ ያለቀ ነገር ነው። እቅድ አታውቅም የተባለችው እንግዲህ ይቺ ሴትዮ ናት።

አክስቴን የሚያሸንፋት ለቡ ነው። ከኮተቤ ፉሪ ለቡ ጣቢያ መሄድ ማለት አዲስ አበባን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ማቋረጥ ነው። ያውም ገና ሳይነጋ፣ ሻንጣና ጃንጥላ ታቅፎ። በዚያ ሰዓት የሚታመን ታክሲ የለም። ራይድ ብትጠራ ሒሳቡ ያስደነግጣል። ድሬዳዋም ስትደርስ መሀል ከተማ አይደለም የምትወርደው። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። ከዚያ ሌላ መኪና፣ ሌላ የዋጋ ክርክር። አዳማም ያው ነው። የባቡሩን ቀን ማቀድማ ቀላል ነው። ከቤቷ እስከ ሐዲዱ ያለውን ግን ማን ነው ያቀደላት?

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ገና አልነበረችም። ጣቢያው ተተከለ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር በዙሪያው በቀለ። እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፣ ለገሀርም የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። ያኔ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 3 ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። መንገደኛው ግን አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ እንደሚያድር ያውቃል። አዋሽ ላይ የጣቢያው ሆቴል፣ ቡፌው፣ ይጠብቀዋል። ቀርፋፋ ነበር፤ ግን የት እንደምታድር ታውቃለህ። የዛሬው በኤሌክትሪክ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎልናል። ጥሩ። ለቡ ድረስ የሚያመጣኝ ግን እሱ አይደለም።

ከተማው ወደ ጣቢያው ያድጋል፣ ለገሀርም በጊዜው ዳር ነበር የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ይደግ። አክስቴ 68 ዓመቷ ነው።

አንድ ነገር አምናለሁ። ይህ መስመር በዋናነት ለጭነት የተሠራ ነው። አብዛኛው የወጪ ገቢ ንግዳችን በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ከአዳማ ወዲያ ሐዲዱ ነጠላ ስለሆነ አንዱ ባቡር ሌላውን ቆሞ ያሳልፋል። ግመልና ከብትም ሐዲዱ ላይ ይገባል። ሰዓት ቢዛነፍ አይገርመኝም። ግን ይህ ሁሉ ከመቼ ወዲህ ነው የመንገደኛው ጥፋት የሆነው?

ስለ እቅድ ሊያስተምሩን ከፈለጉ ከራሳቸው ይጀምሩ። ባቡሩ በሚነሳበት ቀን ከመገናኛና ከፒያሳ ለቡ የሚወስድ አውቶቡስ ይመደብ። ድሬዳዋም ላይ ባቡሩ እስኪገባ የሚጠብቅ ሌላ ይቁም፤ ባቡሩ ቢዘገይ እሱም ይዘግይ። ለታህሳስና ለሐምሌ 19 ስንት ተጨማሪ ፉርጎ እንደሚቀጠል ከወራት በፊት ይነገረን። ሐዲዱን ለመዘርጋት የቻይና ብድር አስፈልጎ ነበር። ሁለት ሦስት አውቶቡስ ለማቆም ግን ብድር የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም።

አክስቴ የዘንድሮውን ጨርሳለች። በአውቶቡስ ነው የምትሄደው። ሹፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ከደጇ ነው የሚያነሳት። ጃንጥላው የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ተነጋግረዋል።