ለአራት ነጥብ የዘመቱ ጀግኖች

ሰሞኑን ፒያሳ ላይ በሰላም ቡና ለመጠጣት የሞከረ ሰው የምለው ይገባዋል። አንድ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አዲስ አልበም አወጣ፤ አንድ የእንግሊዝ ሐያሲ ሰምቶ ከዐሥር ስድስት ሰጠው፤ ጎንደር ላይ ክተት ታወጀ። ባንዱ ራሱ አልዘመተም። የባንዱ አገር ሰዎችም በየጉዳያቸው ውለዋል። የእኛዎቹ ግን የጎደሉትን አራት ነጥቦች ሳያስመልሱ ቤታቸው ላይገቡ ምለዋል። እንዲህ ያለ ወገን ያላት ከተማ ምን ይጎድላታል? (ውኃ እንዳትሉኝ፤ ስለ ጥበብ ነው የማወራው።)

አስቀድሜ የማደንቀው ፍጥነታቸውን ነው። አልበሙ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ጀግኖቻችን በወጣ በዐሥረኛው ደቂቃ ድንቅ ሥራ መሆኑን አረጋግጠው ጨርሰዋል። ሒሱን ማንበብማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ያነበበ ሰው ልቡ ሊራራ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ርእሱንና ነጥቡን ስክሪንሾት አድርጎ ይልካል፣ የቀሩት ይቆጣሉ። በትምህርት ቤት ዘመኑ ሒሳብ ከዐሥር ስድስት ባመጣ ቀን ለጓደኞቹ ሻይ የጋበዘ ልጅ፣ ዛሬ «ስድስት ማለት ንቀት ነው!» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ አይቻለሁ።

ለአንደኛው ግን ከመቀመጫዬ ብድግ እልለታለሁ። ሐያሲው ለምን ስድስት እንደ ሰጠ መርምሮ ደርሶበታል፤ ነገሩ የመቅደላ ነው። አትሳቁ፣ ማስረጃ አለው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ጦር አስከትሎ መጣ፤ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ፤ እንግሊዞቹም ዘውዱን፣ ታቦቱን፣ ብራናውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወረዱ። እስከዚህ ድረስ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ምርምሩ ክንፍ ያወጣል። ከበቅሎ ነጂዎቹ አንዱ የሐያሲው ቅድመ አያት ሳይሆን አይቀርም። እንዴት ታወቀ? ሐያሲው ፎቶው ላይ ትከሻው ሰፊ ነው። ቅድመ አያትየው ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩን ወለም ብሎት ነበር፤ ቂሙ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ ሐያሲው ላይ ደረሰ፤ እሱም ጎንደሮች የሚወዱት ባንድ አልበም እስኪያወጣ አድብቶ ጠበቀ። «እንደምንወደው በምን አወቀ?» ብሎ የጠየቀ ነበር። «እነሱ ምን የማያውቁት አለ!» ተባለ። «ባንዱም እኮ እንግሊዝ ነው» ያለም አልጠፋ። ለዚህም መልስ ነበረ፤ ጊታር መቺው በአያቱ አይሪሽ ነው፣ የመቅደላው ነገር አይመለከተውም። ከበሮ መቺውስ? በእናቱ ስኮትላንዳዊ ነው። ድምፃዊውስ? ድምፃዊው የእኛን ነገር በልቡ እንደሚያዝን ከዓይኑ ያስታውቃል። ሌላ ዙር ማኪያቶ ታዘዘ፤ ነገሩ ወደ በቅሎዎቹ ተመለሰ። እኔ እንኳ ከብራናዎቹ ብዙዎቹን ከጎንደር አድባራት አንሥተው መጀመሪያ መቅደላ ያስገቧቸው እነማን እንደ ነበሩ ላነሣ አፌን ከፍቼ ነበር። ሒሳቤን ከፍዬ በእግሬ መውጣት ስለፈለግሁ መልሼ ዘጋሁት።

ፈረንጆቹ በዚህ ረገድ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። በእነሱ አቆጣጠር በ1969 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የሌድ ዘፐሊንን የመጀመሪያ አልበም አጣጥሎ ጻፈ፤ ሰው ግን አልበሙን ገዝቶ፣ ደጋግሞ ሰምቶ የራሱን ፍርድ ሰጠ። የባሰም አለ። በ2008 ሜታሊካ አልበም ሲያወጣ አድናቂዎቹ ሲዲውን ለቪዲዮ ጌም ከተዘጋጀው የዚያው አልበም ቅጂ ጋር ጎን ለጎን እያደረጉ አዳመጡ። የሲዲው ድምፅ ከልክ በላይ ተጨፍልቆ መጮሁን፣ ጌሙ ላይ ያለው ግን ጥርት ያለ መሆኑን በጆሯቸው ለዩ፤ ፊርማ አሰባስበውም እንደገና ይሠራልን አሉ። እንግዲህ አስቡት፣ የሚወዱትን ባንድ! ያውም ሰምተው! ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው?

እዚያው ጠረጴዛ ጥግ ጊታር የሚለማመድ አንድ ልጅ ነበር። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር የሰማ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «ሦስተኛውና አራተኛው ዘፈን ላይ ባሱና ከበሮው አይገናኙም፤ የመጨረሻው ግን ግሩም ነው» አለ። ይኸው ነው ያለው። ባንዳ ተባለ። «አንተ ደግሞ ማን ስለሆንክ ነው?» ተባለ። ማታ ቴሌግራም ላይ እናቱ ተሰደበች። ልጇ ስለ ባስ ጊታር ስለተናገረ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ እንጀራ ስትጋግር የምትውል ሴት ምን አጠፋች? እዚህ ላይ አልቀልድም። ነውር ነው። የተሳደበው አንድ ነው፤ አብረው ቡና የጠጡት ሁሉ አንብበውታል፣ «ተው» ያለ ግን የለም። የሳቁ አሉ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ይህ ከተማ እኮ ቀላል ከተማ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብቶ ግጥም የሚሰጥ ሰው፣ አዝማሪው ተቀብሎ ሲያዜም አንዲት ቃል ብታመልጠው «ቆይ፣ እንደዚያ አላልኩም!» የሚልበት፣ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይነግሩት የሚያወጣ አድማጭ ማሲንቆ ሥር ተቀምጦ የሚያነጋበት አገር ነው። እዚህ አገር ጆሮን ሥራ ማስፈታት ብርቱ ዘመቻ ይጠይቃል፤ ልጆቻችን በአንድ ሳምንት ፈጽመውታል።

ሐያሲው እስካሁን ድምፁን አላሰማም፤ ይህም ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሮበታል። በድሉ ምሽት ከዘማቾቹ ግንባር ቀደሙን ከአዲሱ አልበም ጥቂት እንዲያንጎራጉርልን ለመንነው። ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ባንዱ ከሁለት አልበም በፊት ያወጣውን ዘፈን እስከ ግማሹ ድረስ ወጣው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«አዲሱ ይለያል!» አሉ።