ማምሸት ለምን ይሸለማል?

ሰሞኑን ዋና መሥሪያ ቤቱ ሰንጋ ተራ አካባቢ የሆነ አንድ ድርጅት የዓመቱን ምርጥ ሠራተኞች ሸልሟል። የሰው ሀብት ኃላፊው የምስክር ወረቀቱን ሲያድሉ፣ ጎልቶ የሚወጣ ሠራተኛ ሰዓት እንደማይቆጥር፣ ልክ 11፡30 ሲል ቦርሳውን የሚያነሣ ሰው ግን ለሥራው ፍቅር እንደሌለው ተናገሩ። ተጨበጨበላቸው። እኔን ግን አንገበገበኝ።

ከፍቅሩ እንጀምር። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገና ሳይነጋ ወጥታ፣ ታክሲ ቀያይራ፣ ጠዋት 2፡30 ላይ አሻራዋን የምትሰጥ እናት ፍቅር የላትም የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? 11፡30 ካልወጣች ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ይመሽባታል፤ ሞግዚቷም ልጁን ይዛ አታድርም። አምሽተው የሚታዩትስ ምን ሲሠሩ ነው የሚያመሹት? ቢሮ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ አብዛኞቹ የአለቃቸው መኪና ከግቢ እስኪወጣ ነው የሚጠብቁት።

ሕጉም ከኃላፊው ጋር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው እንደ አደጋና አስቸኳይ ሥራ ላለ ምክንያት ሲሆን፣ እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም፤ ቀን ከሆነ በአንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ በሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሰዓት አትቁጠሩ የሚል ኃላፊ ክፍያ አትጠይቁ እያለ ነው።

አንድን ሠራተኛ ከሌላው የሚለየው እሱ በሌለበት ቀን ሥራው መቀጠሉ ነው። በዚያው ሰፈር ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ የማውቃት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለች። እጇ የገባ ፋይል ሁሉ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ አለው፦ የትኛው ሰነድ ጎደለ፣ ለማን ተደወለ፣ ምን መልስ ተሰጠ፣ ባለጉዳዩ ለመቼ ተቀጠረ። ስህተት ስታገኝ የዚያኑ ዕለት ትናገራለች፤ ኦዲተር እስኪመጣ አትጠብቅም። በ120 ቀን የወሊድ ፈቃዷ ጊዜ ተክቷት የሠራው ልጅ ማስታወሻውን እያነበበ ሥራውን አስኬደው። አንድም ባለጉዳይ «የያዘችው ሰው የለችም፣ ሌላ ቀን ይምጡ» ተብሎ አልተመለሰም። ይቺ ሴት 11፡30 ላይ ትወጣለች። በአፈጻጸም ምዘናዋ «ተነሳሽነት» በሚለው መስፈርት የተሰጣት «መካከለኛ» ነው።

ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ ደግሞ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚቀመጥ ባለሙያ አለ። ሥራው ግማሹ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ግማሹ በተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱ ለቅሶ ከሄደ ክፍሉ ቆመ ማለት ነው፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነዋ። አለቆቹ «ያለ እሱ አንሆንም» እያሉ ያሞግሱታል። ያለ አንድ ሰው የማይንቀሳቀስ ክፍል ታሟል! የሚያውቀውን ደብቆ ራሱን ተፈላጊ ያደረገ ሰው የገነነው በባለጉዳዩ ጊዜ ነው። በዚህ ከተማ ሰዉን ከፒያሳ ለገሀር፣ ከለገሀር ፒያሳ የሚያንከራትተው የሠራተኛ እጥረት አይደለም፤ ይሄው የመሳቢያ ቁልፍ ነው። እና የምንሸልመው እሱን ነው።

ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ማምሸት ግድ መሆኑን አልክድም። ጥቅምትም የካቲትም በየቀኑ የሚያመሽ ክፍል ግን የጎደለው የሠራተኛ ትጋት ሳይሆን የአለቃ ዕቅድ ነው።

ኃላፊው በሚቀጥለው ዓመት ከመሸለማቸው በፊት ይህን ይሞክሩ። ዕጩዎቹን ሁሉ አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠውን 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ያስወጧቸው፤ ስልካቸውም አይደወል። ከዚያ በየጠረጴዛው እየዞሩ የቱ ሥራ እንደቀጠለ፣ የቱ እንደቆመ ይመዝግቡ፤ የምስክር ወረቀቱንም በዚያ መዝገብ መሠረት ይስጡ።