ለአቶ አስፓርቴም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

በስኳር ምትክ የሚገቡትና ከስኳር 200 እጥፍ የሚጣፍጡት ክቡርነትዎ፣ ባለፈው እሁድ ደሴ፣ አማቶቼ ቤት የደረሰብኝን እንደሚያውቁት እገምታለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነበሩና። አቦል ተቀድቶ ሲኒው ሲደርሰኝ፣ እንደ ልማዴ ጋቢዬ ሥር ደብቄ ላስቲክዎን ዘንበል አደረግሁት። አንድ ክኒን ጠብ ማለት ሲገባው ሦስት አፈተለኩ። አንዷ ቄጤማው ላይ ተንከባልላ ረከቦቱ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ወሬው ሁሉ ቆመ።

«ውይ በሞትኩት! ይሄ ደግሞ ምንድነው ልጄ?» አሉ አማቴ። ስኳር እንዳለብኝ ያውቃሉ፤ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። መልስ ሳልሰጥ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ስልኩን አውጥቶ «ይሄማ ካንሰር ያመጣል ተብሏል!» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ሲኒዬ ከእጄ ተወሰደ። ቡናው ደጅ ተደፋ፣ ሲኒው በፍል ውሃ ታጠበ። አዲሱ ቡና ሦስት ማንኪያ ስኳር ታጭቆበት መጣ፤ «አብሽር፣ ይቺ አትጎዳህም» ተብሎ። ዱዓ የሚያደርጉት አባት እጃቸውን ዘርግተው «ከዚያ ክፉ በሽታ አላህ ይሰውርህ» ሲሉ ቤቱ በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ። እኔም አልኩ። ጠጣሁትም፤ እስከ በረካ። ማታ ጣቴን ወግቼ ያየሁትን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ ሚስቴ ታነባለች።

ይህ ሁሉ የመጣው በሹመትዎ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ሊዮን፣ ፈረንሳይ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል» በሚለው በ2ቢ ምድብ መዘገበዎ። እንኳን ደስ ያለዎት። እዚያው ምድብ ውስጥ የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም አለልዎ፤ ብቸኝነት አይሰማዎትም። ምድቡ የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም፤ የአማቼ ስልክ ግን እዚያ ድረስ አይወርድም። በዚያው ቀን የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ኮሚቴ፣ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም የሚለውን ጣሪያ የምቀይርበት ምክንያት የለኝም ብሏል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጣሪያውን ለማለፍ 200 ወይም 300 ሚሊግራም ያለበት ስኳር አልባ ለስላሳ በቀን ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ ጨርሶ መጨመር አለበት። ይህን የሚጋት ወሎዬ ካለ ከካንሰር በፊት ዕዳ ይገድለዋል።

ጉዱ ጀበናው ላይ ነው። ይኸው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥን፣ ከምግብ ቱቦ ካንሰር ጋር በተያያዘ፣ 2ኤ ላይ አስቀምጦታል፤ ከእርስዎ አንድ እርከን ከፍ አድርጎ። ከእሳት እንደወረደ ካልተቀዳ ቡና አይደለም የሚሉት አማቶቼ ግን አንዳቸው የሌላውን ሲኒ ነጥቀው አልደፉም።

ዘመድዎ ሳካሪንም ባለፈው ክፍለ ዘመን በአይጥ ፊኛ ካንሰር ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ዝርዝር እስክታወጣው ስሙ ጠፍቶ ኖሯል። እንደ እርስዎ ኪስ ውስጥ አልተሸማቀቀም።

የስኳር በሽታ ዓይን ያጠፋል። ኩላሊት ይጨርሳል። እግር ያስቆርጣል። ይህን ለማወቅ ሊዮን መሄድ አያስፈልግም፤ በቀጠሮ ቀን ካርድ ክፍል በር ላይ የተሰለፈ ሁሉ ያየዋል። «ይችል ይሆናል» የተባለውን ፈርቶ፣ የሚገድለውን በማንኪያ እየሰፈረ ለበሽተኛ የሚያጠጣ ሰው እንዴት ፍቅር ነው ይባላል? ንግግርም የለ፣ ምክርም የለ፤ ነጥቆ መድፋት ብቻ!

እርስዎም ቢሆኑ ከደሙ ንጹህ አይደሉም። ፋርማሲው ሣጥኑን ቀዶ በላስቲክ ቆጥሮ ነው የሸጠልኝ፤ በአንድ ክኒን ስንት ሚሊግራም እንዳለ የተጻፈበት ወረቀት እዚያው ቀረ። ብጠይቅ «ጣፋጭ ነው፣ ምንም አይልም» ተባልኩ። 40ን በ62 ኪሎዬ አባዝቼ 2480 አግኝቻለሁ፤ በስንት እንደማካፍለው የሚነግረኝ ጠፋ። አማርኛ የተጻፈበት ሣጥን ይዘው ይምጡ፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ሸማቾች ማህበር፤ የወሩን የስኳር ኮታዬን ተሰልፌ፣ ፈርሜ ወስጃለሁ። ድርሻዬ ለሌላ እንዲሰጥ ብጠይቅ «ፎርሙ ላይ አልፈልግም የሚል ቦታ የለም» ተብያለሁ።