ፍሬኑን “ደጋግመህ ርገጠው” ለምትሉ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ እስኪበርድ አልጠበቅሁም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። አንድ አዛውንት ሞተዋል። የገደላቸው ድንገት የመጣ፣ ማንም ያላወቀው ብልሽት ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ዝም እል ነበር። የገደላቸው ግን ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የለመደው ብልሽት ነው።

መኪናዋ የአንድ የሰፈራችን ሰው ናት። የፊት ጎማዋ የፍሬን ቱቦ ተሰንጥቆ ጋራዥ ገባች። ቱቦው ተቀየረ፣ የጎደለው የፍሬን ዘይት ተሞላ፣ ባለቤቱም ቸኩሎ ስለነበር ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። ቱቦ ሲፈታ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። ዘይት አይታመቅም፤ እግር የጫነውን ኃይል እስከ ጎማው ያደርሳል። አየር ግን ይታመቃልና የእግሩን ጉልበት በመንገድ ላይ ያስቀረዋል። ይህን መካኒኩ አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም “ፔዳሉ ትንሽ ይላላል፤ ሲመችህ ብቅ በልና አየሩን እናስወጣዋለን” ብሎ ሸኘው። ሲመችህ! ሰውየውም አልተመቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ፔዳሉ ከእግሩ ሥር እንደ ስፖንጅ ሲሰምጥ ይደነግጥ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሲረግጠው እንደሚጠነክር ደረሰበት፤ ከዚያ በኋላ መደንገጡን ተወ። ሚስቱ ታውቅ ነበር። በየጠዋቱ የሚያሳፍራቸው የሥራ ባልደረቦቹ ያውቁ ነበር። ማንም “አቁም፣ እወርዳለሁ” አላለውም።

አንድ ቀን መኪናዋን ለወንድሙ ልጅ አዋሰው። ቁልፉን ሲሰጠው “ፍሬኑን ደጋግመህ ርገጠው፣ ይይዛል” አለው። በቃ፣ ያለው ይህን ብቻ ነው።

የሞቱት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በእግረኛ ማቋረጫው ላይ ነበሩ። ልጁ ከሩቅ አይቷቸው እግሩን ከነዳጁ ላይ አንሥቷል። መኪናዋ ፍጥነቷን መቀነስ ስትጀምር እርሳቸው ሊቆምላቸው እንደሆነ ገባቸውና ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አመሰገኑት። አመሰገኑት፣ ወገኖቼ! ልጁም ማንኛውም ሰው እንደሚያደርገው ፍሬኑን አንድ ጊዜ አጥብቆ ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ፤ መኪናዋ በግማሽ ጉልበት ብቻ ተያዘች። የአጎቱ ምክር ትዝ ብሎት እግሩን አንሥቶ እንደገና ሲረግጥ ጊዜው አልፎ ነበር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለመደጋገም የሚሆን መንገድ ከፊቱ አልነበረም።

ሊያጽናኑ ከመጡት መካከል “ቀናቸው ደርሶ ነው” ያሉ ነበሩ። አልደረሰም! ቀናቸውን ያደረስነው እኛ ነን። በግዴለሽነት የሠራነውን ሁሉ በፈጣሪ ማሳበብ መቼ ነው የምንተወው?

ምርመራው ካለቀ በኋላ አየሩ ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ። ሌላ መካኒክ በተቀየረው ቱቦ በኩል ባለው ጎማ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ውስጡ በሚታይ ቀጭን ቱቦ ከጠርሙስ ጋር አገናኘ። ረዳቱ ፔዳሉን ጭኖ ያዘ፤ ቡሎኗ ላላ ስትል ነጭ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ረዳቱ እግሩን ሳያነሣ ቡሎኗ ተዘጋች። ሌላ ጎማ፣ እንደገና አረፋ፣ በመካከሉ ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን ዘይት እየተጨመረ፤ በመጨረሻ ያለ አንዲት አረፋ ጥርት ያለ ዘይት መጣ። ፔዳሉን በእጄ ጫንሁት፤ ገና ከላይ ጠንክሮ ያዘ። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

እንግዲህ የላላ ፔዳል የምትረግጡ፣ ስሙኝ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡና ጭናችሁ ያዙት። ሲደጋገም ጠንክሮ፣ ቆይታችሁ ስትመለሱ መልሶ ከላላ፣ አብዛኛውን ጊዜ አየር አለ፤ የኋላው የታምቡር ፍሬን (ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ያለው) ከሆነም ታምቡሩን ተጭኖ የሚያቆመው ሸራ ከታምቡሩ ርቆ ሊሆን ይችላል። ጭናችሁ እንደያዛችሁት ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደ ግን ነገሩ የባሰ ነው፤ ወይ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ፔዳሉ የሚገፋው የዋናው ፍሬን ፓምፕ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ፣ አልቋል። በየጎማው ውስጠኛ ጎን እርጥበት ፈልጉ። አንድ ሰው ፔዳሉን ሲጫን የሚያብጥ ያረጀ ቱቦ ካያችሁ አስቀይሩት። ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለቱ ጤና ነው፤ በእርሱ አትሸበሩ። ዘይቱ ጎደለ ብላችሁም ያገኛችሁትን አትጨምሩ፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ፍሬኑን በሙሉ ያበላሸዋል። ዘይቱ የት እንደሄደ ሳትጠይቁ መሙላትም ብልሽቱን መሸፈን ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር እንደሚስብ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ ውኃ ሲገባበት ይህ ልክ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል የፈላው ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይታመቃል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ለውጡት የሚባለው ለዚህ ነው።

መካኒኮች ሆይ፣ አየሩ ያልወጣ መኪና ቁልፍ አትመልሱ። ባለቤቱ ቢቆጣ ይቆጣ። ተሳፋሪዎችም፣ ሹፌሩ ፍሬኑን ሁለቴ ሦስቴ ሲመታ እያያችሁ ስልካችሁን አትነካኩ፤ ጠይቁት፣ ካልሰማ ውረዱ።

ይህን አንብባችሁ ነገም በዚያው ፔዳል የምትነዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ደክሞኛል። ያ ልጅ ዛሬም መሪ አይጨብጥም፤ አጎቱ መኪናዋን ሸጧል። የገዛትን ሰው አላውቀውም፤ ገና ሳይነዳት ፔዳሏን ጭኖ ይዞ አይቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።