የስድስት ኪሎ ልጅ ስድስትን አታውቅም

እስቲ ፍረዱኝ። እሁድ ዕለት እማዬ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አቦሉ ሊቀዳ ሲል አምስት ዓመት የሞላትን ልጄን «የኔ እናት፣ ከጓዳ ስድስት ሲኒ አምጪልኝ» አለቻት። ልጅት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እማማ፣ ስድስት ምንድን ነው?»

እማዬ ጀበናውን አስቀምጣ አየችኝ። ልጅቷን ሳይሆን እኔን። «የስድስት ኪሎ ልጅ ስድስትን አታውቅም?»

ቤታችን ከስድስት ኪሎ አደባባይ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። የታክሲ ረዳት «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ ሲጮህ እየሰማች ነው ያደገችው። ለሷ ግን የሰፈር ስም ነው እንጂ ቁጥር አይደለም። አራት ኪሎም አምስት ኪሎም እንደዚያው፣ ልክ እንደ ፒያሳ።

አፍሬ «ሲክስ» አልኳት። ፊቷ በራ። ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር… ዳዊት እንደሚደግም ቄስ ትንፋሽ ሳትወስድ! አፏ ሲክስ ሲል ጣቷ ገና አራተኛው ሲኒ ላይ ነው። አራት ሲኒ ይዛ መጣች። እንግዶቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አጨበጨቡላት። እንግሊዝኛ ቻለች ብለው! ሁለቱ ሲኒ ሳይደርሳቸው ያጨበጭባሉ።

ማታ ሽምብራ ዘረገፍኩላት። ሰባት ፍሬ። ቀስ ብላ፣ እየነካች፣ እስከ ሰቨን ቆጠረች። «ታዲያ ስንት ሆኑ?» ስላት ከዋን ጀመረች። ደግሜ ጠየቅኳት፣ ደግማ ከዋን። የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን የነገራት ሰው የለም ማለት ነው። ይቺ ልጅ እኮ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥታ እስከ መቶ የወረደች ናት።

እንግሊዝኛው ራሱ ደግሞ ለሕፃን አይራራም። «አሥራ ሦስት» ስትሉ አሥርና ሦስት መሆኑን ስሙ ይነግራችኋል። ኢለቨን ውስጥ አሥሩ የት እንዳለ እስቲ ፈልጉልኝ። ሰርቲን ደግሞ ሦስቱን አስቀድሞ አሥሩን ጭራው ላይ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ልጄ 31 ብላ ትጽፋለች። በዚያ ላይ ሰርቲንና ሰርቲ በጆሮ መንትያ ናቸው። የእንግሊዝ ልጅም ይሳሳት ይሆናል፣ ግን ሱቅ ሲላክ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ብስኩት ሲካፈል በዚያው ቋንቋ ነው። የኔዋ ክፍል ውስጥ ዘምራ በር ላይ ጥላው ትወጣለች።

ሄጄ ሚሷን አናገርኩ። መልሱ ምን ሆነ? ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «እባክዎ ልጅዎን በቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ያናግሩ» ተብሎ መጣ። ማን? እማዬ? ቡናውን ትታ «ብሪንግ ሲክስ ካፕስ» ትበል?

በሚሷ አልፈርድም፣ የታዘዘችውን ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ያለው ፖሊሲ የወጣው በ1986 ዓ.ም ነው፤ ከኔ ትውልድ ጋር አብሮ ያረጀ ወረቀት። ወላጁ ግን ኬጂ ሲመርጥ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራሉ?» «አያወሩም» ሲባል ደስ ብሎት ይከፍላል። እኔም እንደዚያው ጠይቄ፣ እንደዚያው ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት። ይኸው።

ሰኞ ደግሞ ሆምወርክ፦ ከዋን እስከ ፊፍቲ በአኃዝ ሳይሆን በፊደል ጻፉ። ልጅት ሰርቲ ላይ እንቅልፍ ጣላት፣ የቀረውን እኔ ጨረስኩ። (አትፍረዱብኝ፣ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ።) ፎር ላይ ዩ አለች፣ ፎርቲን ላይም አለች፣ ለካ ፎርቲ ላይ የለችም! በዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ አላውቅም ነበር። ደብተሩ ሲመለስ ከፎርቲ እስከ ፎርቲ ናይን አሥር ቀይ ኤክስ ተደርድሯል። ልጄ ጣቷን እያሳለፈች ቆጠረቻቸው፣ አፏ እንደልማዱ እየቀደመ።

«ማሚ፣ ፊፍቲን ኤክስ አገኘሽ!»