የፖርሴሊን እንስሳት የማን ሥልጣን ምስክር ናቸው?

በመደርደሪያ ላይ የቆመን፣ ፖርሴሊን ከሚባለው ነጭና ጥሩ ሸክላ የተሠራ ውሻ ወይም አጋዘን የሚያይ ሰው ውበቱን ያደንቃል እንጂ ማን አዝዞ፣ ማን እንደ ሠራው አይጠይቅም። እኔ ግን እነዚህ እንስሳት በአውሮፓ ሲሠሩ ከመነሻቸው የሥልጣን መግለጫ እንደ ነበሩ፣ ይህም ታሪካቸው ከውበታቸው ተነጥሎ መቅረት እንደሌለበት አምናለሁ።

በጀርመን የሳክሶኒ ግዛት ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ብርቱው አውጉስጦስ፣ ወርቅ መሥራት እችላለሁ ያለውን ወጣት ዮሐን ፍሪድሪሽ በትገርን እንዳያመልጥ አስጠብቆ ያሠራው ነበር። ከዚያ ምርምር ወርቅ ሳይሆን ከቻይናው የሚስተካከል ፖርሴሊን ተገኘ፤ በ1710 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማይሰን ፋብሪካ ተቋቋመ። ንጉሡ ለዚህ ዕቃ የነበረው ፍቅር እስከምን እንደ ደረሰ ለማወቅ በ1717 ለፕሩሲያው ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ 151 የቻይና ፖርሴሊኖች መቀበሉን ማስታወስ ይበቃል። ሰው በዕቃ ተለወጠ።

በ1730 ገደማ ይኸው ንጉሥ በድሬስደን የሚገኘውን፣ የጃፓን ቤተ መንግሥት የሚባለውን ሕንጻ በግዙፍ የፖርሴሊን እንስሳት ለመሙላት አዘዘ፤ አንዳንዶቹ የሕያው እንስሳ ያህል መጠን እንዲኖራቸው ተፈልጎ ነበር። ጭቃው ግን በእቶን ውስጥ ስለሚኮማተር እንዲህ ያለውን ግዝፈት አልቻለም፤ ብዙዎቹ ተሰነጠቁ፣ ስንጥቃቸውም ዛሬ በሙዚየም ውስጥ በግልጽ ይታያል። ከቀራጮቹ አንዱ ዮሐን ዮአኺም ኬንድለር በንጉሡ ግቢ የተያዙትን እንስሳት እየተመለከተ ሲሠራ፣ ባልደረባው ጎትሊብ ኪርሽነር አውራሪሱን የቀረጸው ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረሽት ዱረር በ1515 እንስሳውን በዓይኑ ሳያይ ካዘጋጀው ሥዕል ተነሥቶ ነው፤ ቆዳው የጦር ጥሩር መምሰሉም ከዚያ የመጣ ነው። የእነዚህ እንስሳት ትርጉም ለእኔ እዚህ ላይ ይገለጣል፦ ንጉሡ በግቢው ያልነበረውን አውሬ እንኳ በነጭ ጭቃ አስገብሮታል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ስታፎርድሻየር የተሠሩት ጥንድ ውሾች ከፖርሴሊን በረከሰ ሸክላ የተበጁ ሲሆኑ፣ የሠራተኛውን ቤት የምድጃ መደርደሪያ አስጊጠዋል። ከግድግዳ ጋር ስለሚቆሙ የብዙዎቹ ጀርባ ጠፍጣፋና ቀለም ያልተቀባ ነው። ቀድሞ የባለጸጋ ብቻ የነበረውን ጌጥ ድኻው በአቅሙ የራሱ ማድረጉን በአክብሮት ነው የማየው።

በአላኽ የሆነው ግን ከሁሉም ይከብዳል። በ1930ዎቹ አጋማሽ በሙኒክ አጠገብ የተከፈተው ይህ የፖርሴሊን ፋብሪካ ኤስኤስ በሚባለው የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ድርጅት እጅ ገባ፤ የኤስኤስ አለቃ ሃይንሪሽ ሂምለር ምርቶቹን በስጦታ ያድል ነበር። ድቦች፣ አጋዘኖች፣ ፈረሶችና የጀርመን እረኛ ውሾች በታላቅ ጥንቃቄ ተቀረጹ፤ በጦርነቱ ዓመታት ከሠሩት እጆች መካከል የዳኻው ማጎሪያ እስረኞች ይገኙበታል። እንዲህ ያለ የሚያሳሳ ግልገል የወጣው እስረኛ ከሚራብበትና ከሚሞትበት ግቢ ነው። የኤስኤስ ምልክት ከእግሩ ሥር ታትሟል፤ ገልብጦ ያላየ ግን አያውቀውም።

ጥበቡ ከአዛዡ ተለይቶ ሊደነቅ ይገባል የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። የእስረኛው ድካም የገባበትን ሥራ ግን በቀራጩ ስምና በዋጋው ብቻ ማቅረብ፣ ለእኔ ያንን እስረኛ ዳግመኛ መሰወር ነው። ስለዚህ ሐራጅ አቅራቢዎችም ሆኑ ሙዚየሞች የአላኽን ቅርጽ ሲያሳዩ የዳኻውን ስም ከእንስሳው ስም ጎን፣ በዚያው መግለጫ ላይ ሊጽፉት ይገባል።