የ50 ለ48 ቀን

ኦክቶበር 6 ቀን 2018 ቅዳሜ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንዲት ነርስ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለናል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሴኔቱ ብሬት ካቫናን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ለማጽደቅ ድምፅ ይሰጣል። ከላይ ከተመልካቾች ቦታ ሴቶች እየጮሁ ያቋርጣሉ፣ ፖሊስ ያስወጣቸዋል። 50 ለ48 አለፈ። ለትንሽ ጊዜ ማንም ስኒውን አላነሳም።

ጉዳዩ ለኛ ሩቅ አልነበረም። ካቫናን የወነጀለችው ክሪስቲን ብላሲ ፎርድ ደረሰብኝ ያለችው ነገር እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። በ1982 ሰመር፣ እሷ 15 እሱ 17 ዓመታቸው ሳለ፣ አልጋ ላይ ጥሎኝ ልብሴን ሊያወልቅ ሲታገል አፌን በእጁ አፈነኝ ብላ በመሐላ መስክራለች። እሱም በመሐላ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእሷም በማንም ላይ ፈጽሞ አላደረግኩም ብሏል።

መጀመሪያ የተናገሩት በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ናቸው። «36 ዓመት ሙሉ ዝም ብላ፣ ሰውየው ሊሾም ሲል ነው የምትናገረው? ቤቱን አታውቀው፣ ቀኑን አታውቀው። እዚያ ነበሩ ያለቻቸውም አናስታውስም ብለዋል።»

ነርሷ ቡናውን እየቀዳች፣ «ጋሼ፣ እኔ ሥራ ቦታ የምሰማውን ቢሰሙ እንደዚህ አይሉም» አለች። «ባሏን የቀበረች አሮጊት፣ ልጅ ሆና የደረሰባትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ትነግረኛለች። ቀኑን አታስታውስም። የሰውየውን ትንፋሽ ግን ታስታውሳለች። ፎርድስ ምን አለች? የማይረሳኝ የእሱና አብሮት የነበረው ጓደኛው ሳቅ ነው አለች። ደግሞ ዛሬ አይደለም የተናገረችው። በ2012 ለሐኪሟ ተናግራለች። ያኔ ማን ዕጩ ነበር?»

«ጓደኛዋም እኮ አላስታውስም ብትልም አምናታለሁ ብላለች» ስትል ህግ የምትማረው ልጅ ጨመረች።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያሉትን እስካሁን አልረሳሁትም። «እናንተ ልጆች ናችሁ። እኔ በቀይ ሽብር ጊዜ በአንድ ሰው ጥቆማ ስንቱ ከቤቱ ተወስዶ እንደቀረ አይቻለሁ። ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። እሱ ነው ተባለ፣ አለቀ። አንድ ሰው ተነስቶ በተናገረው ብቻ የሰው ስም ሲጠፋ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች።»

ይህንን አቅልሎ ማለፍ አይቻልም። ጋሼ ሴት ጠልተው አልነበረም የሚከራከሩት። ያዩትን ነበር የፈሩት።

ነርሷ ግን አልተወችም። «ባለፈው ዓመት የእቁባችንን ዳኛ ስንመርጥ አንዷ ቅሬታ ስታነሳ ምን አሉ? ማስረጃሽን ይዘሽ ፖሊስ ጋ ሂጂ አላሉም። ይቆይ፣ ይጣራ ነው ያሉት። ካቫናን እስር ቤት ሊያስገቡት አይደለም። ዕድሜ ልኩን የማይነሳበት ወንበር ሊሰጡት ነው።»

«ማጣራቱንማ መች ጠላሁ!» አሉ ጋሼ። «ሳይጣራ ስሙ ጠፋ ነው የምለው።»

«እሷም ሳይጣራ ውሸታም ተባለች። ዛቻው በዝቶባት ከነልጆቿ ቤቷን ጥላ ወጥታለች።»

እስከዚያ ድረስ ስልኩን የሚነካካው ታክሲ ነጂ ቀና አለ። እሱ ሁለቱንም ፓርቲ አያምንም። «ስለ ሴትዮዋ የሚያስብ ማን አለ? ጨዋታው የወንበሩ ነው። በ2016 ኦባማ ጋርላንድን ለዚሁ ፍርድ ቤት ሲያጩ ሪፐብሊካኖቹ 293 ቀን አስቀምጠው አንድ ቀን እንኳን ሳይጠይቁት ቀረ። አሁን ደግሞ ኖቬምበር ላይ ምርጫ አለ፣ ሴኔቱን ቢያጡስ? ስለዚህ ተቻኮሉ። ዲሞክራቶቹም ቢሆኑ የፎርድ ደብዳቤ ለሴናተራቸው ለፋይንስታይን የደረሳት ጁላይ መጨረሻ ነው። አገር የሰማው ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ።»

«ስሜ አይውጣ ያለችው ፎርድ ራሷ ናት» አለች ነርሷ።

«እሺ፣ ስሟ ሳይወጣ ለመርማሪ መስጠት ያቅታል?»

ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። የህግ ተማሪዋ ብቻ ወደ 1991 መለሰችን። አኒታ ሂል ለዚሁ ፍርድ ቤት ታጭቶ የነበረውን ክላረንስ ቶማስን፣ አለቃዬ ሳለ ጸያፍ ነገር እየተናገረ ያስቸግረኝ ነበር ብላ በመሰከረች በአራተኛው ቀን ሴኔቱ 52 ለ48 አጸደቀው። እሱም ሁሉንም ክዷል። ያኔ ዕጩዎችን የሚጠይቀውን የሴኔቱን ኮሚቴ የሚመራው ዲሞክራቱ ጆ ባይደን ነበር። ስለ ቶማስ የምትናገረው አለኝ ያለች ሌላ ሴት ነበረች፤ ኮሚቴው ፊት ቀርባ እንድትናገር አልተደረገም። «27 ዓመት አለፈ፣ አሠራሩ ግን ያው ነው» አለች ልጅቱ። «ደግሞ ካቫና ሲቆጣ አይታችኋል? የክሊንተኖች በቀል ነው እያለ! ነገ ዲሞክራት ተከራካሪ ፊቱ ሲቆም ምን ይሰማዋል?»

«ንጹህ ሰውም ይቆጣል፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «እኔም እቆጣ ነበር።»

ሦስተኛው ቡና ሳይጠጣ ተነሳን።

እኔ ያን ቀን ብዙ አልተናገርኩም። አሁን ግን የማስበውን ልበል። እኔ ፎርድን አምኛታለሁ። ቃሏን ስትሰጥ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፣ አመንኳት። ግን የኔ ማመን ለጋሼ መልስ አይሆንም። እሳቸው የጠየቁት ይጣራ ነው። ነርሷም የጠየቀችው እሱኑ ነው። ሲጨቃጨቁ አልታያቸውም እንጂ ሁለቱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ያንን የነፈጓቸው ሴናተሮቹ ናቸው።

ኤፍቢአይ እንዲያጣራ የተደረገው ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጄፍ ፍሌክ ያለዚያ ድምፄን አልሰጥም ስላለ ነው። የተሰጠው ጊዜ ቢበዛ አንድ ሳምንት። በዚያ ምርመራ ፎርድን አላናገሯትም። ካቫናንም አላናገሩትም። በ2021 ደግሞ ኤፍቢአይ ራሱ ለሴናተሮች በጻፈው ደብዳቤ ከ4,500 በላይ ጥቆማ ደርሶት እንደነበር ታወቀ። ጠቃሚ ናቸው የተባሉትን ያስረከበው ለዋይት ሃውስ ጠበቆች ነው። ዕጩውን ላቀረበው ቤት ማለት ነው። በእነዚያ ጥቆማዎች ውስጥ እሱን ነጻ የሚያወጣ ነገር ኖሮ ቢሆንስ? ጋሼ ይህንን ሊጠይቁ መብታቸው ነው። ነርሷም ተቃራኒውን ልትጠይቅ መብቷ ነው። ሁለቱም መልስ አላገኙም።

ዲሞክራቶቹንም አልምራቸውም። ደብዳቤው እጃቸው ከገባ ጀምሮ ከስድስት ሳምንት በላይ ነበራቸው። በዚያ ጊዜ የፎርድ ስም ተጠብቆ፣ ያለ ካሜራ፣ ሰው በሰው እየተጠየቀ ብዙ ነገር ይጠራ ነበር። ሪፐብሊካኖቹ ግን የባሰ ነው ያደረጉት። ጊዜውም ሥልጣኑም በእጃቸው እያለ አልፈለጉም። ካቫና ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው። በ2022 የፅንስ ማቋረጥ መብትን ከሻሩት አምስት ድምፆች አንዱ የእሱ ነው።

የእቁባችን ቅሬታ ጊዜ ጋሼ ሦስት እሑድ ሰብስበውን ነበር። ከሳሿንም ተከሳሹንም ፊት ለፊታችን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰምተዋቸዋል።